ድርቆሽ በግርግም፦ ከክምር እስከ ከብቱ አፍ

ድርቆሽ በመሠረቱ ውኃው የወጣለት ሣር ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በማጭድ የሚታጨድ ለምለም ሣር ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ እስከ አራት አምስተኛ የሚደርሰው ውኃ ሲሆን፣ ሳይበላሽ ለወራት ሊቀመጥ የሚችለው ግን ይህ መጠን ወደ 15 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። 80 በመቶው ውኃ የሆነ 100 ኪሎግራም እርጥብ ሣር በውስጡ የሚይዘው ደረቅ ቁስ፣ ማለትም ውኃው ሁሉ ቢወጣለት የሚቀረው የመኖ አካል፣ 20 ኪሎግራም ብቻ ስለሆነ፣ እርጥበቱ 15 በመቶ ላይ ሲደርስ የሚመዝነው 23 ኪሎግራም ተኩል ያህል ነው። የቀረውን 76 ኪሎግራም ገደማ ውኃ ፀሐይና ነፋስ ወስደውታል። ከአጨዳው ማግስት ጀምሮ ከብቱ እስኪበላው ድረስ ለድርቆሽ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ያ ውኃ ተመልሶ እንዳይገባ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ይህ ጥበቃ ረጅም ታሪክ ያለው የገበሬ ሙያ ነው፤ ሙያው ግን በአብዛኛው ያደገው በክምሩ ዙሪያ ነው። ክምር አሳምሮ የሚከምር ሰው በሰፈሩ ይታወቃል፣ በደቦም በስሙ ይጠራል፤ ድርቆሹ ከክምሩ ተመዝዞ በሜዳ ወይም በግቢ ወዳለው መመገቢያ ከተጣለ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ግን እምብዛም አይታሰብም። አማርኛ ለዚህ መመገቢያ ግርግም የሚል ጥንታዊ ስም አለው፤ በግእዝ ጎል ይባላል። ቀድሞ ግርግም ከድንጋይ፣ ከእንጨት ወይም ከጭቃ ተሠርቶ በጋጥ ውስጥ፣ በጣሪያ ሥር ይቀመጥ ስለነበር ዝናብ ብዙ አያሰጋውም ነበር። ዛሬ በከተማ ዳር የሚደልቡ በሬዎችና የሚታለቡ ላሞች ብዙ ጊዜ የሚውሉት በክፍት ግቢ ስለሆነ፣ የመኖ ገንዳቸውም ሰማይ ሥር ወጥቷል። ስለዚህ በጥቅምት የተደከመበት ድርቆሽ በሐምሌ ባንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ገንዳው ውስጥ ይበላሻል፤ ይህ ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው።

ጉዳዩን የሚያከብደው ወቅቱ ራሱ ነው። በደጋው አገር የመኖ እጥረት እጅግ የሚጠናው በጋው ሊያልቅ ሲልና ክረምቱ ሲገባ ነው፤ በሰኔ ሣሩ ገና አላገገመም፣ ማሳው ታርሶ ይዘራል፣ ለአጨዳ የተከለለው ክልክል ሣር ለከብት ይዘጋል፣ ዝቅተኛው ሜዳ ደግሞ ውኃ ይተኛበታል። የሚያርስ በሬም ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ጉልበት የሚጠየቀው በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ድርቆሽ እጅግ የሚፈለግበት ጊዜና ዝናብ እጅግ የሚበዛበት ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ድርቆሽ በጎተራና በጋጥ በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ አገር ክረምት ማለት በረዶና ብርድ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን ክረምት ማለት ዶፍና ጉም ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገለበጥ ምክር ሁሉ በዚህ ልዩነት መጣራት ይኖርበታል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የመኖ ባለሙያዎች ከብትን ለማወዳደር የሚጠቀሙበት መለኪያ፣ የሞቃት አገር የቤት እንስሳት አሃድ የሚባለው፣ 250 ኪሎግራም የሚመዝን አንድ ከብት ነው። እንዲህ ያለ ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 6.25 ኪሎግራም ደረቅ ቁስ፣ ይበላል ቢባል፣ ለአራት ወር 750 ኪሎግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው በእርጥበት ቢበላሽ የጠፋው 150 ኪሎግራም ነው፤ ይህም የዚያን ከብት የ24 ቀን ቀለብ ይሆናል። ሰኔ ላይ 24 ቀን የጎደለበት ገበሬ ወይ በውድ ይገዛል ወይ በሬውን አራቁቶ ያርሳል።

እርጥበት ድርቆሹን እንዴት እንደሚያጠፋው

የታጨደ ሣር ወዲያው አይሞትም። ሕዋሳቱ እርጥበታቸው ወደ 40 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ መተንፈሳቸውን ስለሚቀጥሉ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉ ከብቱ ሊመገበው የሚገባውን ስኳር ራሳቸው ያቃጥሉታል። ሣሩ ሳስቶ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ፣ በፍጥነት መድረቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አደጋ ከሣሩ ሳይሆን በላዩ ከሚኖሩት ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ነው። እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ለመባዛት ምግብ፣ ውኃና አየር ይሻሉ፤ ምግቡ ሣሩ ራሱ ስለሆነ ሊከለከል አይችልም፣ ስለዚህ ሰው ከሁለቱ አንዱን መንፈግ አለበት። ገፈራ፣ ማለትም ሳይሌጅ፣ አየርን በመንፈግ የሚጠበቅ መኖ ነው፤ እርጥብ ሆኖ በጉድጓድ ወይም በላስቲክ ተጠቅጥቆ ይታፈናል። ድርቆሽ ደግሞ ውኃን በመንፈግ የሚጠበቅ መኖ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ፣ ማለትም እርጥብ ድርቆሽን አየር በሚያገባ ላስቲክ መጠቅለል፣ የሁለቱንም መጥፎ ጎን ማግኘት ነው፤ በግቢዎች በብዛት የሚታየውም ስህተት ይኸው ነው።

እርጥበቱ 20 በመቶ ካለፈ ሻጋታው በውስጥ ይነሣል፣ ሲባዛም ሙቀት ያወጣል። በጥብቅ የተከመረ ድርቆሽ ሙቀቱን እንደ ቡልኮ አፍኖ ስለሚይዘው የውስጡ ሙቀት ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል፤ በዚህን ጊዜ የሣሩ ፕሮቲን ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ ለከብቱ ሆድ የማይፈታ ይሆናል። እንዲህ ያለው ድርቆሽ ቡናማ ቀለምና የተቃጠለ ስኳር ወይም የትምባሆ የሚመስል ሽታ ይኖረዋል። ከብቱ ሽታውን ወድዶ በደንብ ሊበላው ስለሚችል ባለቤቱ አይጠረጥርም፤ የወተቱ ወይም የሥጋው መቀነስ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀጥላል። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ በሰው እጅ ያልተለኮሰ እሳት ከክምሩ ሆድ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ክምሩ መሀል ሰክቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ማውጣትና በእጅ መዳሰስ ነው፣ ብረቱን ጨብጦ መቆየት ካስቸገረ ክምሩ በጥንቃቄ ሊፈታ ይገባዋል።

በገንዳ ውስጥ ያለ ድርቆሽ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በሙቀት አይቃጠልም፤ የእርሱ ጉዳት ሌላ ነው። የደረቀ ሣር ሕዋሱ የሞተና ግድግዳው የላላ በመሆኑ ዝናብ ሲመታው ስኳሩንና በውኃ የሚሟሙ ማዕድናቱን፣ ሻይ ቅጠል በፈላ ውኃ ቀለሙን እንደሚለቅ፣ ይለቃል። ከገንዳው ሥር የሚንጠባጠበው ቡናማ ውኃ የድርቆሹ ምርጥ ክፍል ነው፤ የሚቀረው ቃጫው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ይህ ኪሳራ እጥፍ ድርብ የሚሆነው ድርቆሹ መጀመሪያውኑ ድሃ ስለሆነ ነው። እንደ ሱሉልታ ያሉ፣ ለአዲስ አበባ ድርቆሽ የሚያቀርቡ ሜዳዎች፣ በክረምት ውኃ ስለሚተኛባቸው የሚታጨዱት መሬቱ ሲጠነክር ነው፤ እስከዚያ ሣሩ አብቦ፣ አፍርቶ ይገረጅፋል። በከብት ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት ሥራቸውን በደንብ ለመሥራት ከመኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ ዘግይቶ የታጨደ የሜዳ ሣር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ከትንሹ ላይ ዝናብ ሲያጥበው የሚቀረው ሆድ የሚሞላ እንጂ አካል የሚገነባ አይሆንም።

የሻገተ ድርቆሽ የሚያደርሰው ጉዳት በከብቱ ላይ ብቻ አያበቃም። አስፐርጂለስ ከሚባለው የሻጋታ ወገን አንዳንዱ ያረገዙ ላሞችን ሊያስወርድ ይችላል፤ ፈረስና በቅሎ ደግሞ ለሻጋታ ብናኝ ከከብት ይልቅ ስስ ስለሆኑ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሰውንም ይጎዳል። የገበሬ ሳንባ የሚባለው በሽታ በሕክምና ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1932 በእንግሊዝ አገር የተገለጸ ሲሆን፣ የሚመጣውም እርጥብ ሆኖ በተቀመጠ ድርቆሽ ውስጥ በሙቀት የሚራቡ ባክቴሪያዎችን ብናኝ ደጋግሞ ከመሳብ ነው፤ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ብርድ የመታው ሰው ያስመስለዋል። በኢትዮጵያ ጋጥ የሚጠርጉትና ለከብት የሚያራግፉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ነጭ አቧራ የሚያጨስ ድርቆሽ በቤተሰብ ጤና የሚመጣ ጉዳይ እንጂ የመኖ ጥራት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ክምሩ የሚያስተምረው

ስለ ገንዳው ከመናገር በፊት ክምሩን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ገንዳው ሊከተላቸው የሚገቡት ሕጎች ሁሉ በክምሩ ላይ በተግባር ተጽፈዋል። ጥሩ ክምር ውኃ በማይተኛበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ይቆማል። ከሥሩ ድንጋይ ተነጥፎ በላዩ እንጨት ይረበረባል፤ ይህ ርብራብ የሚባለው መደላድል ድርቆሹን ከመሬት አርቆ በሥሩ አየር ያሳልፋል። መሬት የያዘው እርጥበት በቃጫዎቹ መካከል ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች፣ ዘይት በኩራዝ ክር ላይ እንደሚወጣ፣ ወደ ላይ ስለሚሳብ፣ ርብራብ የሌለው ክምር አናቱ ደኅና ሆኖ ሳለ እግሩ በስብሶ ይገኛል። ዙሪያውንም ቦይ ይማስለታል። ጎኑ በእጅ ወይም በመንሽ ይበጠራል፤ መበጠሩ ለውበት ሳይሆን ግንዶቹ ወደ ታችና ወደ ውጭ እንዲያዘነብሉ ነው፣ የዝናብ ጠብታ ግንዱን ተከትሎ ስለሚወርድ ወደ ውጭ ካዘነበለ ከክምሩ ውጪ፣ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ደግሞ ከክምሩ ሆድ ይደርሳል። አናቱ እንደ ጎጆ ቁንጮ ሾጥጦ በሰንበሌጥ ወይም በገብስ ገለባ ይከደናል። የሣር ክዳን ውኃ የሚከለክለው በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ45 ዲግሪ እጅግ ካነሰ ውኃው ከመንሸራተት ይልቅ ይሰርጋል።

ክምር ትልቅ መሆኑም ራሱ መከላከያ ነው። በክብ ቅርጽ የተከመረ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ድርቆሽ ዙሪያውን 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ብቻ ቢበላሽበት፣ ያ ስስ የሚመስል ልባስ ከመላው መጠን 36 በመቶ ይሆናል። ስፋቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ግን ያው 15 ሴንቲሜትር 19 በመቶ ብቻ ነው። ነገሩ አነስተኛ ሲሆን ከሆዱ ይልቅ ቆዳው ይበዛል። ገንዳ ውስጥ የተጣለ አንድ ክንድ ድርቆሽ ደግሞ ሁለመናው ቆዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝናብ የማይደርስበት ውስጥ የለውም። ድርቆሽ ከሁሉ ይልቅ ለውኃ የሚጋለጠው ወደ ከብቱ አፍ እጅግ በቀረበበት በዚያች ሰዓት ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በከተማ ይህ እውቀት ሲቋረጥ ይታያል። በማሽን ታስሮ በቤል የሚሸጠው ድርቆሽ አራት ማዕዘን ስለሆነ እንደ ጡብ ተደርድሮ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ በባዶ መሬት ላይም ይቀመጣል፣ በላዩም ሸራ ወይም ላስቲክ ተጠግቶ ይወጠርበታል። ቀን ፀሐይ ላስቲኩን ሲያሞቀው ከድርቆሹ ተን ይወጣል፤ ሌሊት ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ያ ተን በውስጥ በኩል ወደ ውኃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ዝናብ ሳይነካው ለምን እንደሻገተ ሲደነቅ ድርቆሹን ያረጠበው የራሱ ላበት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በቤሉ አናት መሀል ላይ ረድፍ ጨምሮ የጣሪያ ቅርጽ መስጠት፣ በላስቲኩና በድርቆሹ መካከል እንጨት አጋድሞ አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው፣ ጎኑንም ክፍት ማድረግ ነው።

መመገቢያው

ከቤት ውጭ ያለ የመኖ ገንዳ እንደ አነስተኛ ክምር ቢታሰብ፣ አሠራሩ ሁሉ ይቃናል። እግሩ ከመሬት የራቀ፣ አናቱ የተከደነ፣ ሆዱ የሚተነፍስ መሆን አለበት፤ ከክምሩ የሚለየው ከብቱ ራሱን የሚያስገባበት አፍ ስለሚያስፈልገው ብቻ ነው፣ ችግሩም ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ አፍ ነው።

በመጀመሪያ ውኃውን መቁጠር ይገባል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ሦስት ሜትር ርዝመትና 80 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ክፍት ገንዳ 2.4 ካሬ ሜትር ስፋት ስላለው፣ 25 ሚሊሜትር ዝናብ ባንድ ከሰዓት ቢወርድ፣ ይህም በክረምት ደጋ ብርቅ ያልሆነ መጠን ነው፣ 60 ሊትር ውኃ፣ ሦስት ጀሪካን ሙሉ፣ ድርቆሹ ላይ ተገለበጠ ማለት ነው። ማንም ሰው ሦስት ጀሪካን ውኃ ቀድቶ በከብቱ መኖ ላይ አያፈስም፤ ጣሪያ የሌለው ገንዳ ግን ይህንኑ በየቀኑ ሊያደርግ ይችላል።

ጣሪያ መሥራት ሲታሰብ ዋናው ጥያቄ ከላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ወጨፎ ነው፣ ማለትም ነፋስ አዘንብሎ በጎን የሚያስገባው ዝናብ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ዝናቡ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ የሚመጣ ከሆነ፣ ከገንዳው ከንፈር እስከ ጣሪያው ክፈፍ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ሲሆን፣ ክፈፉም ከገንዳው ከንፈር አንድ ሜትር ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል። ክፈፉ አጭር ከሆነ ወጨፎው በቀጥታ ድርቆሹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጣሪያው ዝቅ ባለ ቁጥር መከላከያው ይጠነክራል፤ ዝቅ ማለቱን የሚወስነው ግን የከብቱ ቁመትና ቀንድ ነው። ለበግ ዝቅ ያለ ጣሪያ ይበቃል። ለበሬ፣ ይልቁንም እንደ ራያ በሬ ቀንደ ረጅም ለሆነው፣ ዝቅ ያለ ክፈፍ ቀንድ የሚሰብር ወይም በቀንድ የሚፈርስ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጎን እስከ ገንዳው ድረስ በግድግዳ፣ በጠፍር ወይም በተጠላለፈ ሸምበቆ መዝጋትና ከብቱ በተቃራኒው ጎን ብቻ እንዲበላ ማድረግ ነው። በግቢው የክረምት ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ባለቤቱ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ፣ የገንዳውን ፊት የሚወስነው መሐንዲስ ሳይሆን እርሱ መሆን አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ነገር ጠፈጠፍ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያገኘውን ውኃ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ መስመር፣ በክፈፉ ላይ፣ ያወርደዋል። ያ መስመር ከገንዳው ከንፈር ወይም ከብቱ ከሚቆምበት ቦታ ላይ ከዋለ፣ ጣሪያው ከሌለበት ጊዜ የባሰ ጭቃ ይፈጠራል። ጣሪያው በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ከከብቱ ተቃራኒ ወደ ኋላ ቢያዘነብል፣ ወይም አሸንዳ ቢደረግለት፣ ውኃው ከሥራው ቦታ ይርቃል፤ የተሰበሰበው ውኃም ለከብቱ መጠጥ ይሆናል። ቆርቆሮ ሌላም ነውር አለው፤ ብርድ በበዛበት ሌሊት የአየሩ እርጥበት በውስጥ ገጹ ላይ ጤዛ ሆኖ ይይዝና ጠዋት ይንጠባጠባል። ከሥሩ የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ ንጣፍ፣ ወይም ስስ የሰንበሌጥ ሽፋን ማድረግ ይህን ያስቀራል። የሣር ክዳን ይህ ችግር የለበትም፤ የአያቶች ጎጆ ቆርቆሮ ያጣውን ትንፋሽ እስከ ዛሬ ይዟል።

የገንዳው ወለል ርብራብ መሆን አለበት። ድፍን የሲሚንቶ ገንዳ ለፋጉሎና ለፉርሽካ ጥሩ ቢሆንም ለድርቆሽ ግን ውኃ የሚያቁር ድስት ነው፤ ካለም ወደ አንድ ጫፍ ዘንበል ብሎ መውጫ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የተሠራ፣ በመካከሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው ወለል፣ ከመሬት ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ አየር ከሥር ያገኛል፣ አቧራና የተሰባበረ ቅጠልም ወደ ታች ይረግፋል። ከብቱ የሚቆምበት መሬት ደግሞ ድንጋይ ተነጥፎ፣ በየሜትሩ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ቢደረግ ጭቃው ይቀንሳል። ጭቃ በእግር ብቻ አይቀርም፤ ከብት ከገንዳው እየመዘዘ የሚጥለው ድርቆሽ ጭቃው ላይ ሲወድቅ ተመልሶ አይበላም።

በዚህ በኩል የገንዳ ቅርጽ የሚያመጣው ልዩነት በቁጥር ተጠንቷል። በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ላሞች ከአራት ዓይነት መመገቢያ ሲበሉ የሚያባክኑትን ድርቆሽ ለክተው፣ ድርቆሹን መሀል ላይ በሾጣጣ ቅርጽ አንጠልጥሎ የሚይዘው መመገቢያ 3.5 በመቶ፣ ክብ አጥሩ 6.1 በመቶ፣ በጎማ የሚጎተተው 11.4 በመቶ፣ አልጋ የሚመስለው ደግሞ 14.6 በመቶ እንደሚያባክኑ አግኝተዋል። ምክንያቱ ከብቱ ራሱን ለማስገባት በአጥር ዘንግ ካለፈና እዚያው ቆሞ ካላመጠ፣ ከአፉ የሚረግፈው ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ስለሚወድቅ ነው፤ ራሱን እንደ ልብ ማውጣት የሚችል ግን ጉርሻውን ይዞ ወደ ኋላ ይላል፣ ጎረቤቱንም ለመግፋት ራሱን ደጋግሞ ያወጣል። የኢትዮጵያ ገበሬ እነዚያን የብረት መመገቢያዎች መግዛት አይጠበቅበትም፤ በገንዳው ፊት በሰያፍ የተተከሉ እንጨቶች፣ ለእያንዳንዱም ከብት ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ፣ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣሉ።

ድርቆሹን የሚያረጥበው ሰማይ ብቻ አይደለም። አንዲት ትልቅ የወተት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች። ላሚቱ የወደደችውን ቅጠል መርጣ ስትበላ የተወችው ግንድ በምራቅና በትንፋሽ ርሶ በገንዳው ሥር ይቀራል፤ በላዩ አዲስ ድርቆሽ ሲጨመርበት ሥሩ ያለው ይሞቃል፣ ይሸታል፣ አዲሱንም ያበላሸዋል። ስለዚህ ገንዳው በየጠዋቱ አዲስ ሳይጨመርበት መጠረግ አለበት። የተረፈው ብዙ ሆኖ ከተገኘ የሚነግረው ነገር አለ፤ ወይ ከሚበላው በላይ እየተሰጠ ነው፣ ወይ ድርቆሹ ከብቱ የማይፈልገው ነው።

ከጣሪያውም ከወለሉም በላይ ግን ወጪ የማይጠይቀው መፍትሔ ሰዓቱን ማወቅ ነው። በማዕከላዊው ደጋ የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ይጥላል፤ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ነው። ድርቆሹ ማለዳ ተሰጥቶ እስከ ቀትር ተበልቶ የሚያልቅ ከሆነ ዶፉ ሲወርድ ገንዳው ባዶ ይሆናል፤ የቀረው ድርሻ ማታ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ይሰጣል። ለሦስት ቀን የሚበቃ ባንድ ጊዜ መሙላት ድካም የሚያቀል ይመስላል፤ በእርግጥ ግን በደረቅ ክምር ውስጥ የሚያድረውን ድርቆሽ ያለ በቂ ምክንያት አውጥቶ በእርጥብ አየር ውስጥ ማሳደር ነው። ዝናብ ባይኖር እንኳ ጉም አለ፤ ድርቆሽ የአካባቢውን አየር እርጥበት የሚጠጣ ነገር በመሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ጉም በሚተኛበት አገር ጠብታ ሳይነካው ከደኅንነት መስመር ሊያልፍ ይችላል።

የድርቆሽን ድርቀት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። እፍኝ ድርቆሽ ጠምዝዞ ማየት አንዱ መንገድ ነው፤ ደረቁ ይሰባበራል፣ እርጥቡ እንደ ገመድ ይከራል። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሚያደርገው በብልቃጥ የሚደረገው የጨው ሙከራ ነው። ድርቆሹ ተቆራርጦ ደረቅና ንጹሕ በሆነ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርበታል፣ ተከድኖ ለደቂቃዎች ይናጣል፤ ጨው እርጥበትን ስለሚስብ ድርቆሹ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ይጓጉላል፣ ካልሆነ እንደ ተፈጨ ሆኖ ይቀራል።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ዝናብ የቀደመው ድርቆሽ ወዲያው ከገንዳው ወጥቶ በዚያው ቀን በድንጋይ ወይም በአጥር ላይ ሳስቶ ቢሰጣ ብዙው ይተርፋል፤ የታጠበው ስኳር ባይመለስም ሻጋታው አይቀድምም። ፀሐይ ከሌለ በዚያው ዕለት እርጥቡን ማስበላት ይሻላል፣ እርጥብ መሆኑ ብቻውን ከብትን አይጎዳምና፤ የሚጎዳው አድሮ የሻገተው ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ አቧራ የያዘ፣ ሲነቀነቅ የሚያጨስ ድርቆሽ ግን ላረገዘች ላም፣ ለፈረስና ለጥጃ ከቶ ሊሰጥ አይገባውም። ከደረቅ ድርቆሽ ጋር ቀላቅሎ ማሳለፍም የተለመደ ቢሆንም ደኅናውን ያበላሻል እንጂ የተበላሸውን አያድነውም። ጉዝጓዝ ማድረግም አይመከርም፣ ብናኙ ከከብቱ አፍንጫ ሥር ስለሚሆን። ተገቢ ቦታው የፍግ ጉድጓድ ነው፤ እዚያ ከእበትና ከአመድ ጋር ተደራርቦ፣ እየረጠበና እየተገላበጠ፣ በክምር ውስጥ ድርቆሽን የሚያጠፋው ያው ሙቀት ወደ ማዳበሪያነት ይለውጠዋል፣ ወጥቶም ለጓሮው ጎመንና ለድንቹ መደብ ይሆናል።